ወፎቼና የጎረቤቴ ውሻ

ጥያቄ፦

ጤና ይስጥልኝ። ዓምድዎን ለዓመታት አንብቤያለሁ፤ ዛሬ ግን ጠያቂ ሆኜ መጣሁ። ስሜን ባልጽፍ ይቅር ይበሉኝ።

የምኖረው ዋሽንግተን ዲሲ ነው፣ ከ16ኛው መንገድ ብዙም ሳልርቅ። ዕድሜዬ 44 ነው። ባለትዳር ነኝ፣ የ12 ዓመት ልጅ አለችኝ። አረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ የሌሊት ፈረቃ እሠራለሁ። ከአራት ዓመት በፊት የምንከባከባቸው አንድ ሽማግሌ ነበሩ። ከአልጋ አይነሱም። መስኮታቸው ላይ የወፍ መመገቢያ ተሰቅሎላቸው ነበር። ሲነጋጋ የሚመጡትን ወፎች በየስማቸው እየጠሩ ያሳዩኝ ነበር። ሲያርፉ ልጃቸው ቢኖኩላራቸውን፣ ሩቁን የሚያቀርበውን መነጽር፣ ይዛ መጣች። «አባቴ ላንቺ እንዲሰጥ ተናግሯል» አለችኝ። እኔ ሸዋ ሮቢት ማሽላ ላይ ግሪሳ ስጠብቅ ያደግሁ ሰው ነኝ። ወፍ ማለት ለእኔ በወንጭፍ የሚባረር ነገር ነበር።

ከዚያ ወዲህ ጠዋት ከሥራ ስወጣ በቀጥታ ወደ ቤት አልሄድም። ሮክ ክሪክ ፓርክ፣ ሸንተረሩ ላይ ያሉት የፒክኒክ ቦታዎች ጋ መኪናዬን አቁሜ ለአንድ ሰዓት ያህል ወፍ አያለሁ። ያቺ ሰዓት ባትኖር እንዴት እንደምሆን አላውቅም።

ችግሩ በዚያው ሰዓት ሰዎች ውሻ ይዘው ይመጣሉ። አንዳንዶቹ ይፈቷቸዋል። ውሾቹ ጫካው ውስጥ ይገባሉ፣ ወፎቹም ይበራሉ። ከሚፈቱት አንዷ ደግሞ የአንድ ሕንፃ ጎረቤታችን ናቸው። ጡረታ የወጡ አስተማሪ ናቸው። በኮቪድ ጊዜ ትምህርት ቤት ሲዘጋ ልጄን በነጻ ያስጠኑልኝ እሳቸው ናቸው። ውሻውን ያመጡት ባለቤታቸው ከሞቱ በኋላ ነው። ልጄ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ውሻውን ታናፍስላቸዋለች። በጣም ትወደዋለች።

በግንቦት አንድ ጠዋት፣ መሬት ላይ ቅጠል እየገለበጠ የሚለቅም ዉድ ትረሽ የሚባል ወፍ እያየሁ ነበር። ትንፋሼን ውጬ ነው የማየው። ድንገት የእሳቸው ውሻ ከኋላ ሮጦ መጣና ዘለለብኝ። በያዝኩት ጃንጥላ መታሁት። እሳቸው ከሩቅ «አይዞሽ፣ ፍሬንድሊ ነው!» ይላሉ። እኔ በሰው ሁሉ ፊት ጮኹኩባቸው። «ይህ የወፎች ቦታ ነው! ሕግ አታውቁም እንዴ?» አልኩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰላምታ የለንም። ልጄ ሰምታ አለቀሰች። «እማዬ፣ እንዴት ትመቺዋለሽ?» ብላ ሦስት ቀን አኮረፈችኝ።

ባለቤቴ «ለወፍ ብለሽ ከሰው ትጣያለሽ?» ይለኛል። በ2020 ኒውዮርክ ሴንትራል ፓርክ ውስጥ ወፍ የሚያይ ጥቁር ሰውዬ ላይ የደረሰውንም ቪዲዮ ላከልኝ። የማኅበር ጓደኞቼ ደግሞ ይስቁብኛል። ለፖሊስ ላመልክት? ይቅርታ ልጠይቅ? ወይስ ፓርኩን ልተወው?

አንድ ነገር ልጨምር። በዘጠኝ ዓመቴ ውሻ ነክሶኝ አዲስ አበባ ድረስ ተወስጄ ሆዴ ላይ 14 ቀን በተከታታይ መርፌ ተወግቻለሁ። ይህን ለባለቤቴም ለልጄም አውርቼ አላውቅም። ከጉዳዩ ጋር ላይገናኝ ይችላል።

ወፍ ጠባቂዋ፣ ከዋሽንግተን

መልስ፦

እህቴ፣ ከመጨረሻው ልጀምር። ያ የ14 ቀን መርፌ ከጉዳዩ ጋር በደንብ ይገናኛል። ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። መጀመሪያ ሳነበው ሐሳቤ ወፎቹና ሕጉ ላይ ነበር። በሁለተኛው ግን ያቺን የዘጠኝ ዓመት ልጅ አየኋት። ከሸዋ ሮቢት ተነስታ፣ በማታውቀው ከተማ፣ በየቀኑ ለመርፌ የምትተኛ ልጅ። በእኛ ዘመን ያደግን ሰዎች ያን መርፌ ባንወጋም እናውቀዋለን። ሰፈር ውስጥ «ያበደ ውሻ መጣ» ሲባል እናቶች ልጆቻቸውን እየጎተቱ በር ይዘጋሉ። የተነከሰ ልጅ ካለ ደግሞ ስለ መርፌው ሲወራ እንሰማለን። አንቺ ያን በሆድሽ አልፈሽዋል።

ስለዚህ አንድ ትልቅ ውሻ ከኋላሽ ሮጦ ሲዘልብሽ እጅሽ ጃንጥላውን ያነሳው አንቺ አስበሽበት አይደለም። ሰውነትሽ ያስታውሳል። «ፍሬንድሊ ነው» የሚለው ቃል እዚያ ቦታ ላይ አይደርስም። በዚህ ራስሽን አትውቀሺ።

አሁን ግን አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ያን ጠዋት ስትጮኺ ምን አልሽ? «ይህ የወፎች ቦታ ነው» አልሽ። «ሕግ አታውቁም እንዴ» አልሽ። «ፈራሁ» አላልሽም። ጎረቤትሽ የሰሙት በሰው ፊት ሕገወጥ መባላቸውንና የውሻቸውን መመታት ነው። የፈራሽ መሆንሽን አያውቁም። ልጅሽም አታውቅም። ባለቤትሽም አያውቅም። በአንድ ቤትና በአንድ ሕንፃ ውስጥ ሦስት የሚወዱሽ ሰዎች አሉ፤ ሦስቱም የተቆጡት ባልነገርሻቸው፣ በማያውቁት ነገር ላይ ነው።

እኔ እንደሚመስለኝ ሁለት ነገር ተደባልቆብሻል። አንዱ የወፎቹ ጉዳይ ነው፤ እሱ ላይ ልክ ነሽ። ሌላው የአንቺ ፍርሃት ነው፤ እሱም ትክክለኛ ነው። ግን ፍርሃትሽን በወፎቹ ስም ስትናገሪው ማንም አልገባውም። ሁለቱን ለየብቻ እንያቸው።

በወፎቹ እንጀምር። ሮክ ክሪክ በ1890 በአሜሪካ ኮንግረስ የተቋቋመ ፓርክ ነው። የሚያስተዳድረውም የፌዴራሉ የብሔራዊ ፓርኮች አገልግሎት ነው። እዚያ ማንኛውም ውሻ ከ6 ጫማ በማይበልጥ ማሰሪያ መያዝ አለበት። ይህ ማለት ከሁለት ሜትር በታች ነው። በጠዋትም ቢሆን፣ ሰው ባይኖርም፣ ውሻው ጨዋ ቢሆንም። ስለዚህ «ይታሰር» ማለትሽ ያለቦታሽ መግባት አይደለም።

ሕጉ ዝም ብሎ የተጻፈ አይደለም። ያየሽው ዉድ ትረሽ የዋሽንግተን ዲሲ ይፋ ወፍ ነው። የብርዱን ወራት በደቡብ ሜክሲኮና በመካከለኛው አሜሪካ ያሳልፋል። በሚያዝያ አካባቢ በሌሊት እየበረረ ይመጣል። ብዙዎቹ የሜክሲኮን ባሕረ ሰላጤ ሳያርፉ ነው የሚያቋርጡት። በነገታው ጠዋት መሬት ላይ ሆኖ ቅጠል የሚገለብጠው ለዚህ ነው፤ የጨረሰውን ስብ እየተካ ነው። ሌሎቹም ትንንሾቹ፣ ዋርብለር የምትሏቸው፣ ብዙዎቹ ክብደታቸው 10 ግራም ገደማ ነው። ለእንዲህ ያለ ፍጡር ውሻ በመጣ ቁጥር መብሉን አቋርጦ መብረር ቀላል ነገር አይደለም። ኦቨንበርድ ደግሞ ጎጆውን የሚሠራው መሬት ላይ ነው፤ በደረቅ ቅጠል ጣራ አልብሶ፣ በጎን በር አውጥቶለት። አጠገቡ ቆመሽ ላታዪው ትችያለሽ። ከመንገድ የወጣ ውሻ ግን በአፍንጫው ያገኘዋል፣ ወይም ሳያውቀው ይረግጠዋል።

አውስትራሊያ ውስጥ በሲድኒ አካባቢ የተሠራ አንድ ጥናት በ2007 ታትሟል። ተመራማሪዎቹ ውሻ የያዙ ሰዎችን በጫካ መንገድ ካሳለፉ በኋላ ወፎቹን ቆጠሩ። የወፍ ዓይነት በ35 በመቶ፣ ብዛታቸው ደግሞ በ41 በመቶ ቀንሶ አገኙት። ያለ ውሻ የሚሄዱ ሰዎችም ወፍ ያስነሳሉ፣ ግን ከዚህ በጣም ባነሰ። ይህን የምነግርሽ «ዓይኔ ነው ወይስ እውነት ነው?» ብለሽ እንዳትጠራጠሪ ነው። ያየሽው እውነት ነው።

ሐቁን ግን እስከ መጨረሻው ልንገርሽ። በዚያ ጥናት ውስጥ ውሾቹ የታሰሩ ነበሩ። ስለዚህ ማሰሪያ ብዙ ነገር ያድናል፤ ጎጆ ያድናል፣ ጫጩት ያድናል፣ አንቺንም ያድናል። ጸጥታውን ግን ሙሉ በሙሉ አይመልስም። ደግሞም የወፎቹ መቀነስ ሁሉ በውሻ አይሳበብም። በሰሜን አሜሪካ ከ1970 ወዲህ ሦስት ቢሊዮን የሚጠጉ ወፎች ጠፍተዋል። ይህ በ2019 የታተመ ጥናት ነው። ትልልቆቹ ምክንያቶች የመኖሪያቸው መጥፋት፣ ከቤት የሚለቀቁ ድመቶች፣ የሕንፃ መስታወት ናቸው። ይህን ልብሽ ውስጥ ያዢው። ጎረቤትሽን ስታዪ የወፎች ሁሉ ጠላት ሆነው እንዳይታዩሽ።

አሁን ወደ እሳቸው እንምጣ። እኛ አገር ውሻ በር ላይ ይታሰራል። ቤት አይገባም። ሌባ እንዲነክስ እንፈልገዋለን፣ ሰው ልንሰድብ ስንፈልግ ደግሞ ስሙን እንጠራዋለን። እሳቸው ግን ባላቸውን ቀብረው ወደ ባዶ ቤት ተመልሰዋል። ጠዋት ከአልጋ እንዲነሱ የሚያደርጋቸው፣ በዚያ ቤት ውስጥ ሌላ ትንፋሽ ያለው ያ ውሻ ብቻ ነው። በጃንጥላ ሲመታ ሲያዩ ምን እንደተሰማቸው መገመት ትችያለሽ ብዬ አስባለሁ። አንቺም እኮ የሞቱ ሰው የተዉልሽን ነገር አንገትሽ ላይ አንጠልጥለሽ ነው የምትሄጂው።

ይቅርታ ልጠይቅ ወይ ላልሽኝ፣ አዎ፣ ጠይቂ። ግን የምትጠይቂበትን ለይተሽ እወቂ። ውሻውን ስለመታሽና በሰው ፊት ስለጮኽሽ ይቅርታ ጠይቂ። ይታሰር ብለሽ ስለጠየቅሽ አትጠይቂ። አንዳንዴ ሰላም ለማውረድ ስንል ሁሉንም ጠቅልለን ይቅርታ እንላለን፣ ከዚያ ልክ የነበርንበትም ነገር አብሮ ይሄዳል።

ፓርኩ ውስጥ ግን አይሁን። እዚያ ውሻው አለ፣ ሌሎች ሰዎችም አሉ፣ አንቺም ሌሊቱን ሙሉ ቆመሽ ያደርሽ ነሽ። አንድ የዕረፍት ቀንሽን ምረጪ። ተኝተሽ ተነሺ። ያለሽን ይዘሽ፣ ቁራሽ ድፎ ዳቦም ቢሆን፣ በራቸውን አንኳኪ። በር ላይ ሆነሽ «ውሻውን ሌላ ክፍል ሊያስገቡልኝ ይችላሉ?» ብትዪ ነውር የለውም፤ እንዲያውም የምትነግሪያቸውን ነገር በቀላሉ ይከፍትልሻል። ከዚያ እንዲህ በዪ፦ «ያን ቀን ውሻዎን ስለመታሁ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ዘጠኝ ዓመት ሲሆነኝ ውሻ ነክሶኝ 14 ቀን ሆዴን ተወግቻለሁ። ወደ እኔ ሲሮጥ ያ ቀን መጣብኝ። ለማንም ተናግሬው አላውቅም፤ ለእርስዎ የመጀመሪያዬ ነው።» እዚህ ላይ ዝም በዪ። ስለ ሕጉ አትቀጥዪ። እሳቸው ይናገሩ።

ዕድሜያቸውን ሙሉ ልጆች ያስተማሩ ሰው ናቸው። የፈራ ልጅ ምን እንደሚመስል ያውቃሉ። የሚመልሱልሽን እኔ ልተነብይ አልችልም፤ ግን ውይይቱ ከዚህ ከጀመረ «ጠዋት እኔ ባለሁበት ሰዓት ቢያስሩልኝ» የሚለው ጥያቄ ከጓደኛ የመጣ ይሆናል። ቢኖኩላሩንም ይዘሽ ብትሄጂ ደስ ይለኛል። አይተውበት የሚያውቁ አይመስለኝም። ቤትሽ ቡና ጋብዣቸው። ውሻው እንደልቡ መሮጥ ካለበት ደግሞ ለሰፈራችሁ የሚቀርብ፣ አርካንሳስ አቬኑ ላይ፣ አፕሸር የሚባል የታጠረ የውሾች ፓርክ አለ። ከተማው ለዚሁ ብሎ የሠራው ነው። ልጅሽ ከትምህርት በኋላ እዚያ ብትወስደው ለእሷም ለእሱም ጥሩ ነው።

እሺ ባይሉስ? ሊሆን ይችላል። ሐዘን ላይ ያለ ሰው አንዳንዴ ትንሽ ነገር ይከብደዋል። ያኔም ቢሆን የአንቺን ተወጥተሻል። ደጋግመሽ አታንኳኪ።

ስለ ፖሊስ። ፓርኩን የሚጠብቀው የአሜሪካ ፓርክ ፖሊስ ነው፤ መንገር መብትሽ ነው። ግን ጎረቤትሽን ከማነጋገርሽ በፊት አይሁን። ልጅሽን ያስተማሩ ሰው ደጃፍ ላይ ቅጣት ቢላክና ከየት እንደመጣ ቢያውቁ፣ ያ ነገር ሕንፃው ውስጥ ለዓመታት ይኖራል። ለማታውቂያቸው ሰዎች ነገሩ ይለያል። ውሻ ከነከሰሽ፣ ባለቤቱ ካስፈራራሽ፣ ወይም ያው ሰው በየቀኑ እየፈታ እምቢ ካለሽ፣ ቀኑን፣ ሰዓቱንና ቦታውን ጻፊና አመልክቺ። በስልክ የምትነጋገሪው ግን መኪናሽ ውስጥ ገብተሽ ከቆለፍሽ በኋላ ይሁን።

ይህን የምልሽ ባለቤትሽ በላከልሽ ቪዲዮ ምክንያት ነው። ሰውዬው ክርስቲያን ኩፐር ይባላል። ግንቦት ውስጥ፣ በ2020፣ ሴንትራል ፓርክ ራምብል በሚባለው ክፍል ወፍ ሊያይ ሄዶ ነበር። እዚያ ውሻ ሁልጊዜ መታሰር አለበት። አንዲት ሴት ውሻዋን እንድታስር ጠየቃት። እሷ ፖሊስ ጠርታ አንድ ጥቁር ሰው እያስፈራራኝ ነው አለች። ደግነቱ ጉዳት አልደረሰበትም። ከዚያ በኋላ በነበሩት ቀናት ወፍ የሚያዩ ጥቁር ሰዎች ተሰባስበው የራሳቸውን ሳምንት ጀመሩ፣ በየዓመቱም ቀጥሏል። ስለዚህ ጠዋት ጠዋት ወፍ የምታይ ብቸኛዋ ጥቁር ሰው ብትሆኚም በአገሩ ብቻሽን አይደለሽም።

ባለቤትሽን ግን እስቲ በሌላ ዓይን እዪው። «ለወፍ ብለሽ» ሲልሽ ንቀት መስሎ ተሰምቶሽ ይሆናል። ያን ቪዲዮ ፈልጎ የላከልሽ ሰው ግን የፈራልሽ ሰው ነው። ሚስቱ ከሌሊት ሥራ ወጥታ ብቻዋን ጫካ ውስጥ ትቆማለች። አንድ ነገር ቢፈጠር ማን ያያል? እሱም እንዳንቺ ፍርሃቱን በሌላ ነገር ስም ነው የተናገረው። አንድ ቅዳሜ አብሮሽ እንዲመጣ ጠይቂው። ወፍ እንዲወድ አይደለም፤ የምትቆሚበትን ቦታ እንዲያውቀው ነው። ከዚያ በኋላ ሥጋቱ ይቀንስ እንደሆነ ራሱ ይንገርሽ።

ብቻሽን ላለመሆንም መንገድ አለ። ቼቪ ቼዝ፣ ሜሪላንድ፣ ዉድኤንድ በሚባለው ቦታ ኔቸር ፎርዋርድ የሚባል ድርጅት አለ፤ ድሮ ኦዱቦን ናቹራሊስት ሶሳይቲ ይባል የነበረው ነው። ለጀማሪዎች የወፍ ጉዞ ያዘጋጃሉ። አንቺ ጀማሪ ባትሆኚም ሂጂ። ጠዋት ሸንተረሩ ላይ ከምታዪያቸው ሰዎች አንዳንዶቹን እዚያ ታገኚያቸው ይሆናል። ሁለት ሦስት ሰው ሆናችሁ ስትቆሙ ውሻ የፈታ ሰው ራሱ ቶሎ ይጠራዋል።

ውሻ ያለማየት ፍላጎት ሲኖርሽ ደግሞ፣ ድካም የበዛበት ሳምንት ሲሆን ማለቴ ነው፣ ሌላ ቦታ ሂጂ። ቨርጂኒያ ውስጥ ሀንትሊ ሜዶውስ በሚባለው ፓርክ ረግረጉ ላይ የተሠራ የእንጨት መንገድ አለ፤ እዚያ ላይ ውሻ አይፈቀድም። ሽመላዎቹን በቅርብ ታያቸዋለሽ። ይህን እንደ ሽንፈት አትቁጠሪው። ሮክ ክሪክን ተዪው አላልኩሽም፤ አትተዪውም። ያቺ ሰዓት የአንቺ ናት።

አሁንም የተፈታ ውሻ ከሩቅ ካየሽ የምታደርጊውን ልንገርሽ። አትሩጪ። ቢኖኩላሩን ደረትሽ ላይ አሳርፈሽ፣ እጆችሽን ሰብስበሽ፣ ጎንሽን ሰጥተሽ ቁሚ። ውሻውን ዓይን ዓይኑን አትዪው። ባለቤቱን እዪና ድምፅሽን ከፍ አድርገሽ «ውሻ እፈራለሁ፣ እባክዎ ይያዙልኝ» በዪ። ስለ ሕግ የሚነገረው ሰው ይከራከራል። ስለ ፍርሃት የሚነገረው ግን አብዛኛውን ጊዜ ማሰሪያውን ያወጣል። ቤትሽ ሆነሽ ሁለት ሦስት ጊዜ ጮክ ብለሽ በእንግሊዝኛ ተለማመጂው። ስንደነግጥ ቋንቋ ቀድሞን ይጠፋል።

ጓደኞችሽ ስለሚስቁት ብዙ አልናገርም። ማኅበር ላይ ስለ ሌላም ይሳቃል። አንዷን ነጥለሽ ይዘሻት ሂጂ። የዉድ ትረሽን ድምፅ አንዴ ትስማ። ያ ወፍ በአንድ ጊዜ ሁለት ድምፅ ያወጣል፤ አንድ ወፍ ብቻውን የሚዜም አይመስልም።

የቀረችው ልጅሽ ናት፣ ለእኔ ዋናዋ እሷ ናት። በመካከላችሁ መልእክተኛ አታድርጊያት። «ሂጂና እንዲህ በያቸው» አይባልም። ውሻውን ማናፈሷንም አትከልክያት። ፍርሃትሽን ካልነገርሻት እናቷ ያለ ምክንያት እንስሳ የምትመታ ሴት ሆና ትቀርባታለች። ከነገርሻት ግን በ12 ዓመቷ የዘጠኝ ዓመት ልጅ መረዳት አያቅታትም። አንድ ቀን እሷ ውሻውን አስራ ይዛ፣ አንቺ ከመንገዱ ማዶ ሆነሽ መቆም ትፈልጊ ይሆን? ካልፈለግሽ ይቅር። ማንም ከውሻ ጋር የመዋደድ ግዴታ የለበትም። እኔ የጠየቅሁሽ ልጅሽ ይህን እንድታቀርብልሽ ስለምጠብቅ ነው፤ መልስሽን አስቀድመሽ እንድታውቂው።

ሁለታችሁ ብቻ ሆናችሁ ብሔራዊ መካነ አራዊቱ ሂዱ። እዚያው ሮክ ክሪክ ሸለቆ ውስጥ ነው፣ መግቢያው በነጻ ነው፣ የሰው ውሻም አይገባም። የወፎች ቤቱ ታድሶ በ2023 ተከፍቷል። ውስጡ ከሰሜን ወደ ደቡብ እየተመላለሱ ስለሚኖሩት ወፎች ነው የሚያሳየው። ከክፍሎቹ አንዱ በዛፍ ጥላ ሥር የሚበቅል የቡና እርሻ ሆኖ ተሠርቷል። ሰሜን ሲበርድ ከሚሄዱት ወፎች ብዙዎቹ የሚያርፉት እንዲህ ባለ የቡና ጥላ ውስጥ ስለሆነ ነው። የእኛ አገር ቡናም በጥላ ሥር እንደሚበቅል አንቺ ታውቂያለሽ፤ እሷ ላታውቅ ትችላለች። እዚያ ወንበር ላይ ተቀመጡ። ወፎቹ ከራሳችሁ በላይ ይበራሉ፣ የሚያባርራቸው የለም።

ታሪኩን እዚያ ንገሪያት። ከነከሰሽ ውሻ አትጀምሪ፤ ልጅ ትደነግጣለች። ከማሽላው ጀምሪላት። ማማው ምን ያህል ከፍ እንደሚል፣ ወንጭፉ ከምን እንደሚገመድ፣ ግሪሳ ሲመጣ ሰማዩ እንዴት እንደሚጠቁር። በዚያ ማማ ላይ የቆመችው ልጅ ስንት ዓመቷ እንደነበረ ስትጠይቅሽ፣ ዘጠኝ በያት።